የጀበናው እጀታ በየት በኩል ነው?

በልጅነቴ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር መምህራችን ጠመኔያቸውን አንሥተው ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት ጀበና ይሥሉልን ነበር፤ ሆዷ የከበበ፣ አንገቷ የቀጠነ፣ እጀታዋም በስተቀኝ የተቆለመመ ጀበና ነበረች። እኛም ከሃምሳ የማናንስ ልጆች ደፍተራችንን ዘርግተን፣ እርሳሳችንን በምላሳችን እያራስን፣ ያችኑ ጀበና በትጋት እንገለብጥ ነበር፤ ደፍተሮቹ ለእርማት በተሰበሰቡም ጊዜ የሃምሳውም ጀበና እጀታ በስተቀኝ ሆኖ ይገኝ ነበር። በዚያችው ሰዓት ግን እውነተኛይቱ ጀበና በየቤታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እጀታዋም ለእናቴ በስተቀኝ ሲታይ፣ ከእርሷ ፊት ለፊት ለምትቀመጠው ጎረቤታችን በስተግራ፣ ከበሩ አጠገብ ለምቀመጠው ለእኔ ደግሞ ከሆዷ ኋላ ተሰውሮ ጨርሶ የማይታይ ነበር። ይህን የጠየቀን ግን አልነበረም፤ እኛም የቤታችንን ጀበና ትተን የሰሌዳውን ጀበና ስንሥል ዓመቱ አለቀ።

ይህን ትዝታ ያነሣሁት ስለ ማንኪራና ስለ ከፋ ልጆች ለመናገር ነው። ከጅማ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ የተጓዘ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ከምትገኘው ከቦንጋ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም ብዙ ሳይርቅ በደን መካከል ማንኪራ አለች፤ የአገሩ ሰዎች የቡና እናት የሚሏት ዛፍ ያለችባት፣ ቡናም ማንም ሳይተክለውና ሳይኮተኩተው ከረጃጅሞቹ ዛፎች ጥላ በታች በገዛ ፈቃዱ የሚበቅልባት ስፍራ ናት። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች እንደ አንዱ ተቆጥሯል፤ በቦንጋም ለቡና ክብር ሙዚየም ተሠርቶለታል። የስዊድኑ ሊቀ ዕፅዋት ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናን በላቲን ስም ሲሰይመው ግን «የዐረብ ቡና» ብሎ ጻፈው፤ ቡናው ወደ አውሮፓ የደረሰው በዐረብ ነጋዴዎች በኩል ነበርና። ሊቁ ሐሰተኛ አልነበረም፤ እርሱም ከተቀመጠበት ወንበር የታየውን ጻፈ እንጂ። የማንኪራ ሰው ግን ከሌላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ እጀታው በሌላ በኩል ይታየው ነበር፤ ብዕሩ ግን በእጁ አልነበረም።

እንግዲህ በሰባተኛ ወይም በስምንተኛ ክፍል የሚማር የዚህ አገር ልጅ «ዛፍ ሣል» ሲባል ምን ይሥላል? ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮችን ወደ ላይ አቁሞ፣ በጫፋቸው እንደ ደመና የተድበለበለ ክብ ያደርጋል፤ ይህም ዛፍ በየትም አገር ያልበቀለ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከሰሌዳ ወደ ደፍተር ሲተላለፍ የኖረ ዛፍ ነው። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ የቡና ተክል ከደጁ ያያል፤ ፍሬውን ለቅሟል፣ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ ይዟል፣ በጥላውም ሥር ተጫውቷል፤ ዳሩ ግን ማየትና ልብ ብሎ ማየት ሁለት ናቸውና፣ ቅጠሉ ከግንዱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ቢጠየቅ መልስ ያጣል። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ ልጆች የሥዕል ትምህርት የሚያሰናዳ መምህር በዕቅዱ ራስ ላይ «ምን ይሥላሉ?» ብሎ ከመጻፉ አስቀድሞ «ምን ያያሉ? ከየትስ ሆነው ያያሉ?» ብሎ ሊጽፍ ይገባዋል የሚል እምነት አለኝ፤ የዚህም ጽሑፍ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ዐይን እጅን የሚቀድምበት ዕድሜ

የአምስት ዓመት ሕፃን ወረቀትና ከሰል ቢሰጡት አይፈራም፤ እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ይሥላታል፣ ፀሐይንም ዐይንና አፍ ያወጣላታል፣ ይህንንም አድርጎ ደስ ይለዋል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ያው ልጅ ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ «እኔ ሥዕል አልችልም» ይላል። በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ የልጆችን ሥዕል በየዕድሜው ደረጃ ለይቶ ሲያስረዳ፣ በጉርምስና ደጃፍ ያለውን ጊዜ ልጁ የገዛ ሥራውን መንቀፍ የሚጀምርበት አስጨናቂ ጊዜ አድርጎ ገልጾታል። ነገሩ ሲመረመር የእጁ መድከም ሳይሆን የዐይኑ መብሰል ነው፤ ዐይኑ ወደፊት ገስግሦ እጁ ከኋላ ስለ ቀረ፣ በልቡናው ያለውና በወረቀቱ ላይ የወጣው አልገናኝ ብለውት ያፍራል። በዚህ ሰዓት ልጁ የሚያገኘው መምህር ወይ ከሥዕል ጋር ለዘለዓለም ያፋታዋል፣ ወይም እጁን ከዐይኑ ጋር ያስታርቅለታል።

ከሰሌዳ መገልበጥ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ይመስላል፤ ልጁ የማይሳሳትበትን መንገድ ያገኛልና። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም፤ የሌላውን ሰው መስመር የሚከተል ልጅ የመምህሩን እጅ ይለምዳል፣ የገዛ ዐይኑን ግን ሥራ ያስፈታዋል። በሌላው ጽንፍ ደግሞ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ብሎ የሚቀመጥ መምህር አለ፤ ይህም ነፃነት ይመስላል፤ ነገር ግን ምን እንደሚፈልግ ያላወቀ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወዲያው ወደዚያው ወደ ድብልብሉ ዛፍ ይመለሳል። መልካሙ ዕቅድ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚታየውን ነገር ለይቶ ይሰጣል፣ የሚታይበትን መንገድ ያስተምራል፣ የሚወጣውን ሥዕል ግን ለልጁ ይተወዋል።

የቀለም አባቶቻችን

በአማርኛችን «ቀለም» የሚለው ቃል የሚጻፍበትንም፣ የሚሣልበትንም፣ የሚማሩትንም ትምህርት በአንድነት የሚጠራ ነው፤ ያስተማረንን ሰው የቀለም አባት እንላለን፤ ሊቁንም የቀለም ቀንድ እያልን እናከብራለን። የቀድሞው ሠዓሊ የተማረውም እንደ ጸሐፊው ሁሉ ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ፣ ቀለም እየፈጨ፣ ሸራውን እያሰናዳ፣ የመምህሩንም ንድፍ እየተከተለ ነበር። ስለዚህ «አባቶቻችንም ሲገለብጡ ኖረዋል» የሚለኝ ቢኖር አልክደውም፤ ነገር ግን የሚገለብጡት ምክንያቱን ዐውቀው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዐይኖቻቸው እንዲታዩ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ሲሣሉ፣ ኃጥኣንና አጋንንት ግን በጎን ተመልሰው አንዲት ዐይን ብቻ ይታይላቸዋል። ፊት በየት በኩል ይታይ የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ሠዓልያን ዘንድ የነገረ ሃይማኖት ጥያቄ ነበር ማለት ነው፤ የእኛ የሰሌዳ ጀበና ግን እጀታዋ ለምን በስተቀኝ እንደ ሆነ መምህሩም ተማሪውም አያውቁም ነበር።

ይህን የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ያገናኙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ተወልደው፣ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ ይህም ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ ትምህርት ቤት መምህራን መካከል በጀርመን አገር የተማረው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይገኝበታል። እነዚህን ሰዎች ማንሣቴ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሁን ለማለት አይደለም፤ ቅኔ የተማረ ሁሉ ባለቅኔ እንደማይሆን ሥዕልም የተማረ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም፤ ነገር ግን ቅኔ የቆጠረ ሰው ቃልን እንደሚመረምር፣ ሥዕል የተማረም ሰው የሚያየውን ይመረምራል።

የ40 ደቂቃ ዕቅድ

በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ሥዕል ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር ተጣምሮ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚል ስም ይሰጣል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ ወረቀቱ ጥቂት ነው፤ ፈተናም በተቃረበ ጊዜ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ማካካሻ ሲሰጥ የሚታይበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ዕቅዱ ይህን ሁሉ ዐውቆ የሚወጣ መሆን አለበት። ምሳሌ ይሆን ዘንድ ያችኑ የልጅነቴን ጀበና ልመልሳት።

መምህርቷ አንዲት ትልቅ ጀበና ይዘው ወደ ክፍል ይገባሉ እንበል። ዴስኮቹ የሚነሡ ከሆነ በዙሪያ ያስደረድሯቸዋል፤ የማይነሡ ከሆነም ተማሪዎቹን ወደ ግቢው አውጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር በክብ ያስቀምጧቸዋል፤ ጀበናዋንም በመካከላቸው በአንድ ርጩማ ላይ ያኖሯታል። የመጀመሪያውን ዐሥር ደቂቃ እርሳስ የሚነሣ የለም። «አንተ፣ እጀታው በየት በኩል ይታይሃል?» «በግራ፣ ቲቸር።» «አንቺስ?» «በቀኝ።» ጥያቄው ዙሪያውን ሲሄድ ከአንዱ ልጅ ዘንድ ይደርስና «እጀታ የለውም» ይላል። ክፍሉ ይሥቃል። መምህርቷ ግን አይሥቁም፤ ሄደው ከልጁ ጎን ጎንበስ ብለው ያዩና «እውነቱን ነው፤ ከዚህ ሲታይ እጀታ የለውም፤ ስለዚህ እጀታ እንዳትሥል» ይሉታል። ልጁ እጀታ መኖሩን ያውቃል፣ ነገር ግን አያየውም፤ የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን እንዲሥል ተፈቀደለት ማለት ነው፤ የዕለቱም ትምህርት ሁሉ በዚህች ፈቃድ ውስጥ ተጠቃሏል።

ከዚህ በኋላ ልኩን መውሰድ ይከተላል። ልጆቹ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እርሳሱን አቁመው የአንገቷን ርዝመት በአውራ ጣታቸው ይለኩና ያ አንገት ከሆዷ ከፍታ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቆጥራሉ። የአፏንም ነገር ያስተውላሉ፤ ጀበናዋ ከመሬት ላይ ስትቀመጥና ቆመው ከላይ ሲያዩአት አፏ ክብ ነው፤ ከፍ አድርገው ከዐይናቸው ትክክል ሲያነሡአት አንዲት መስመር ብቻ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ሲያደርጓት ደግሞ ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ይሆናል። በጂኦሜትሪ ትምህርት ያልገባው ልጅ እዚህ ላይ በዐይኑ ይገባዋል። ከዚያ ለዐሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይሥላሉ፤ መምህርቷም በዙሪያው እየሄዱ የማንንም እርሳስ ሳይቀበሉ፣ በማንም ወረቀት ላይ መስመር ሳይጨምሩ፣ «እስቲ ተመልሰህ እያት» ብቻ ይላሉ። የመምህር እጅ በልጅ ወረቀት ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ሥዕሉ የመምህሩ ሆነ ማለት ነውና።

በሚቀጥለው ሳምንት በጀበናዋ ቦታ የቡና ቅጠል ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ከደኑ ሳይቀጠፍ ከመሬት የተለቀመ። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር ኪሞን ኒኮላይደስ ያስተማረበትና እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመ መጽሐፉ ያስቀመጠው አንድ ልምምድ ለዚህ ይስማማል፤ ይኸውም ዐይንን ከሚሣለው ነገር ላይ ሳያነሡ፣ ወረቀቱንም ከቶ ሳያዩ፣ የነገሩን ጠርዝ በዐይንና በእርሳስ በአንድ ፍጥነት ቀስ እያሉ መከተል ነው። የቡና ቅጠል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጠርዙ እንደ ውኃ ሞገድ ይጥመለመላል፣ ጫፉ ይሾላል፣ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ፈዘዝ ይላል፣ ደም ሥሮቹም ከመካከለኛው ተነሥተው ወደ ጠርዙ ሲቃረቡ ይታጠፋሉ። ወረቀቱን ሳያይ የሣለ ልጅ ያወጣው ሥዕል ጠማማ ነው፤ የሁሉም ጠማማ ስለ ሆነ ግን የሚያፍር የለም፤ «አልችልም» የሚለው ልጅ ከሚችለው ጋር እኩል የሚቆምባት ቀን ይህች ናት። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱም አንዲት የቤት ሥራ ይዘው ይሄዳሉ፤ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ላይ የሚወጣው ነጠላ ሆኖ ነው ወይስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት?

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የሥዕል መምህር ሁሉ የመጀመሪያ ለቅሶ የቀለም ማጣት ነው። ከለር በሣጥን ተገዝቶ ለስድሳ ልጅ ሊዳረስ አይችልም። ነገር ግን ቡና በሚፈላበት አገር ቀለም አልጠፋም። ቡናችን በሦስት ዙር ይፈላል፤ አቦሉ የጠቆረና የወፈረ፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው የቀጠነና የገረጣ ነው። ከሦስቱ ዙር በሦስት ጣሳ ጥቂት ጥቂት አስቀርቶ ወደ ክፍል የመጣ መምህር፣ በሥዕል ትምህርት ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነውን የብርሃንና የጥላ ደረጃ በልጆቹ አፍ በሚታወቅ ስም ሊያስተምር ይችላል። ብርሃን ያረፈበት የጀበናዋ ጎን በወረቀቱ ነጭነት ይተዋል፤ ቀጥሎ ያለው በበረካ ይቀባል፤ ሲደርቅ ወደ ጥላው የሚጠጋው በቶና ይደገማል፤ ከሆዷ በታች ያለው ጥልቅ ጥላ ደግሞ በአቦል ይሠራል፤ ይበልጥ እንዲጠቁር የተፈለገ እንደ ሆነ አቦሉን በእሳት ላይ አቆይቶ ማወፈር ይበቃል። ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላውን የደረበ ልጅ ሁሉንም ያቀላቅልበታል፤ ስለዚህ ትዕግሥትም ከዚያው ይማራል፤ ከአቦል በፊት በረካ በሚቀዳበት በዚህ ተቃራኒ ሥርዓትም ይሥቃል።

ብሩሹም እንዲሁ በእጅ ነው። መፋቂያ ጫፉ ሲታኘክ ክሩ እንደሚበተን ሁሉ፣ እንዲሁ የታኘከ ቀጭን እንጨት መልካም ብሩሽ ይሆናል፤ የዶሮ ላባም ለቀጭኑ መስመር ያገለግላል። ከምድጃ ከሰል፣ ከመንገድ ዳር ቀይ አፈር፣ ከወጥ ቤት እርድ ይገኛል፤ የደቀቀው አፈር ከዕንቁላል አስኳል ጋር ተለውሶ ከወረቀት ላይ ይጣበቃል። ወረቀት ባይኖር የሱቅ ካርቶን አለ። ይህን ስል ድህነትን ላመሰግን ፈልጌ አይደለም፤ መንግሥትም ወላጅም ለልጆች ወረቀትና ቀለም ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ ትምህርቱ ሊቆም አይገባውም።

እንደ ቅኔ ቤት

አንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት ይታቀድ የሚለው ከታወቀ፣ ዓመቱ በሙሉ እንዴት ይያያዝ የሚለው ይቀራል። በዚህ ረገድ ከባሕር ማዶ ሳንሻገር የምንማርበት ቤት አለን፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ በሁለት ቤት በምትፈጸመው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ፣ በስምንት ቤት ከሚቆመው ከመወድስ ይደርሳል። መምህሩ መንገዱን ካሳየው በኋላ ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ዳር ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በኋላም ተመልሶ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የባልንጀራንም ቅኔ መድገም ነውር ነው። ማሳየት፣ ብቻን መሥራት፣ በጉባኤ መታረም፤ የሥዕልም ክፍለ ጊዜ ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ ሥርዓት አያስፈልገውም። እንደ ጉባኤ ቃና በአንዲት ቅጠል ጀምሮ፣ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከዚያም ወደ ተክሉ፣ በመጨረሻም ደኑን በሙሉ ወደሚይዘው ወደ መወድሱ መድረስ ይቻላል። በግእዝ «ኅብር» ማለት ቀለም እንደ ሆነ፣ በቅኔም አንዱ ቃል ሁለት ምሥጢር የሚይዝበት መንገድ ኅብር መባሉን ለተማሪዎቹ የነገረ መምህር፣ ሁለቱ ጥበባት ዘመዳሞች መሆናቸውን በአንዲት ቃል አስተማረ።

ለማንኪራና ለቦንጋ ልጆች ደግሞ ዓመታዊውን ዕቅድ ቡናው ራሱ ይጽፈዋል። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ፍሬው መቅላት ይጀምራል፤ እስከ ኅዳርም ቀዩ ፍሬ ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ጎን ለጎን ይታያል፤ ቀይና አረንጓዴ በቀለማት ክበብ ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙና አንዱ ሌላውን የሚያደምቁ ናቸውና ስለ ቀለም ተቃርኖ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ወራት የለም። በታኅሣሥና በጥር ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚያገላብጡት ሰዎች ይታያሉ፤ ይህም ጎንበስ ያለ ወገብንና የሚንቀሳቀስ ክንድን ለመንደፍ ይመቻል። በበልጉ መግቢያ ዝናም ሲጥል፣ ከየካቲት ወዲህ፣ ነጩ አበባ መዓዛው ደኑን እየሞላ ይፈነዳል፤ ከጥቂት ቀን በላይ ግን አይቆይም፤ ስለዚህ መምህሩ የዚያን ሳምንት ዕቅዱን ትቶ ልጆቹን ማስወጣት አለበት፤ አበባው እስከ ማክሰኞ ክፍለ ጊዜ አይጠብቅምና። በግንቦትና በሰኔ አረንጓዴው እንጭጭ ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ሲገኝ ልጆቹ በመስከረም የሣሉትን አውጥተው ያስተያዩታል፤ የዓመቱም ክበብ ይዘጋል። በደብረ ብርሃን ያለ መምህር ይህንኑ በገብስ፣ በሐረርም ያለው በማሽላ ሊያደርገው ይችላል፤ ከተቀመጠበት ወንበር የሚታየው ምን እንደ ሆነ ያውቃልና።

ሸክላ ሠሪዋ ስትጋበዝ

ስለ ጀበና ስናወራ ጀበናዋን ማን ሠራት የሚለውን ማለፍ አይቻልም። በከፋም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ለዘመናት በንቀት ዐይን ሲታዩ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ ደርሶ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ስፍራ ከትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንኳ ገና አልጠፋም። የሸክላ ሠሪ ልጅ በክፍል ውስጥ የእናቱን ሙያ ደብቆ ይቀመጣል፤ በመካከላችን የተቀመጠችውን ጀበና ያበጀችው ግን ምናልባት እናቱ ናት።

በዓመት አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋን ወደ ክፍል የሚጠራ ዕቅድ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። እርሷ ያለ ማሽንና ያለ ልኬት፣ በእጇ ብቻ እየዞረች የጀበናዋን ሆድ ስታከብ፣ የአንገቷን ቅጥነት ከሆዷ ክብደት ጋር ስታመዛዝን፣ ልጆቹ ባለፈው ሳምንት በአውራ ጣታቸው የለኩትን ልክ እርሷ በመዳፏ እንደምታውቀው ያያሉ። ከዛፍ ጫፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ንብ አርቢ፣ ቅርጫት የሚሠራውም ሰው እንዲሁ ይጋበዛል። የዚያን ቀን ልጆቹ በግራ እጃቸው የሸክላ ጭቃ፣ በቀኝ እጃቸው እርሳስ ይዘው ሲቀመጡ፣ ጥበበኛ የሚባለው በከተማ የሚኖር ሰው ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል።

ሥዕል እንዴት ይታረማል?

የመጨረሻው ጥያቄ የነጥብ ነው፤ ነጥብ የማይሰጥበትን ትምህርት ተማሪው አያከብረውም፣ ርእሰ መምህሩም አይቀበለውም። ሥዕሉ ባማረው ልክ ነጥብ ከተሰጠ ግን ከቤቱ እርሳስ ያለው፣ ወንድሙም ያስተማረው ልጅ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ የቀሩት ያንኑ «አልችልም» ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ መመዘን ያለበት ማየቱ ነው፤ ልጁ ከተቀመጠበት የሚታየውን ሣለ ወይስ የሚያውቀውን? ልኩን ወሰደ ወይስ ገመተ? ያቀናውስ መስመር አለ ወይ? የተሰረዘና የታረመ መስመር ያለበት ወረቀት ከንጹሑ ወረቀት ይልቅ የሚያይ ዐይን ምስክር ነው። «ቆንጆ ነው» ማለት ለልጁ ምንም አይነግረውም፤ «የአፏን ሞላላ አግኝተኸዋል፤ ሆዷ ግን ከአንገቷ ጋር ሲተያይ ጠበበ፤ እስቲ ለካው» ማለት ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ይሆነዋል።

ወደ ጀበናዋ ክፍለ ጊዜ እንመለስ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቀርቷታል። መምህርቷ ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደ ቢሮ አይወስዷቸውም፤ እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ሥዕሉን ከተቀመጠበት ቦታ ፊት ለፊት በመሬቱ ላይ ያኖራል፤ ንፋስ እንዳይወስደውም ጠጠር ይጭንበታል። ከዚያ ሁሉም በሰልፍ ክበቡን ይዞራሉ። እየዞሩ ሲመለከቱ ጀበናዋ በወረቀቶቹ ላይ ትዞራለች፤ እጀታዋ መጀመሪያ በስተቀኝ ይታያል፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዚያ በስተግራ ያልፋል፣ በመጨረሻም ከሆዷ ኋላ ይሰወራል። ሃምሳ ወረቀት አለ፤ ከሃምሳው አንዱ እንኳ ሌላውን አይመስልም፤ ስሕተት ያለበት ብዙ ቢሆንም በዚህ በኩል የተሳሳተ የለም። ሰልፉ «እጀታ የለውም» ካለው ልጅ ወረቀት ፊት ሲደርስ ይቆማል። ቅድም የሣቁት ዝቅ ብለው ያያሉ፤ አንደኛውም ሄዶ በልጁ ቦታ ይቀመጥና ወደ ርጩማው ቀና ብሎ ይመለከታል።

«ለካ ከዚህ አይታይም» ይላል።